ነጥባችሁ አንድ ቦታ ሲቆም፦ በበራሪ ሸክላ ዒላማ ተኩስ አሠልጣኝ መያዝና ወደ ውድድር ማደግ

«ከ25 ሸክላ 16 ወይም 17 እሰብራለሁ፤ ለወራት ከዚያ አላለፍኩም። ጠመንጃ ልቀይር ወይስ ብዙ ጥይት ልተኩስ?» ይህ ጥያቄ በተኩስ ሜዳም በስልክም ደጋግሞ ይቀርብልኛል፤ ሸክላ የምንለው ማሽን ወደ አየር የሚወረውረውን ክብ ዒላማ ነው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሁለቱንም ለጊዜው ተዉትና ለምን እንደምትስቱ የሚያይላችሁ ሰው ያዙ። ተኳሽ የሳተውን ሸክላ ያያል እንጂ የሳተበትን ምክንያት አያይም። ጉንጩ ከሰደፉ ላይ ግማሽ ጣት ሲነሳ፣ ወይም ምላጩ ሊሳብ ሲል እጁ ለቅጽበት ሲቆም ለራሱ አይታወቀውም። ከኋላው የቆመ የሠለጠነ ዓይን ግን ወዲያው ይይዘዋል።

መመሪያው የተጻፈው መሠረታዊውን የደኅንነት ትምህርት ለወሰዳችሁና ጥቂት ዙሮች (አንድ ዙር 25 ሸክላ ነው) ለተኮሳችሁ ነው። ጠመንጃ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ በቅድሚያ ፈቃድ ባለው ሜዳ የጀማሪ ትምህርት ውሰዱ፤ የአገራችሁ ሕግ ስለ ጦር መሣሪያ ፈቃድና አያያዝ የሚያዘውንም አሟሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 12 ጌጅ ሾትጋን፤ ማለትም በአንድ ጥይት ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች የሚተኩስ ጠመንጃ፤ ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው። ሁለቱ አፈሙዞች ከላይና ከታች የተደራረቡበት፣ መሐሉ ላይ ታጥፎ የሚከፈተው ዓይነት ለትምህርት ይመረጣል፤ ክፍት መሆኑን ማንም ከሩቅ ያየዋልና። የራሳችሁ ከሌለ ከሜዳው ተዋሱ። ደረጃ 5 ላይ ሳትደርሱ አትግዙ።
- ለዒላማ ተኩስ የተሠራ ጥይት። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሕግ በጥይቱ ውስጥ ያሉት የእርሳስ ፍሬዎች ክብደት ከ24 ግራም መብለጥ የለበትም። በልምምድም ይህንኑ መጠቀም ጥሩ ነው፤ ከባድ ጥይት ትከሻን ከማድከም ሌላ ለጀማሪ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው።
- የማይሰበር የዓይን መከላከያ መነጽርና የጆሮ መከላከያ።
- ባርኔጣ፣ በትከሻው ላይ ስፌት የማይጎረብጥ ሰደርያ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ።
- ያለ ተኩስ ለመለማመጃ የሚሆኑ፣ ባሩድ የሌላቸው ሐሰተኛ ጥይቶች።
- ደብተርና እርሳስ።
- ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክና መቆሚያው።

ማስጠንቀቂያ

እነዚህን ሳታውቁ ወደ ደረጃዎቹ አትለፉ።

ተራችሁ ደርሶ መተኮሻው ቦታ ላይ እስክትቆሙ ድረስ ጠመንጃው ክፍትና ባዶ ይሁን። አፈሙዙ ምንጊዜም ወደ ሜዳው አቅጣጫ ይዙር፤ ለመተኮስ እስክትዘጋጁም ጣታችሁ ከምላጩ ውጭ ይቆይ።

የ20 ጌጅ ጥይት በኪሳችሁ ከ12 ጌጅ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። የ20ው ጥይት ቀጭን ስለሆነ በ12ቱ አፈሙዝ ውስጥ ተንሸራትቶ ወደፊት ይገባና እዚያ ይቀረቀራል። ተኳሹ የጥይቱ ቦታ ባዶ መስሎት ሌላ ጥይት ከኋላ አጉርሶ ሲተኩስ አፈሙዙ ከእጁ ፊት ይፈነዳል። በዚህ ጣቶቻቸውን ያጡ ሰዎች አሉ።

ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ካልፈነዳ አፈሙዙን ወደ ሜዳው እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው ደክሞ ከተሰማ ደግሞ ሁለተኛውን አትተኩሱ። ጠመንጃውን ከፍታችሁ ጥይቶቹን አውጡና በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን አሻግራችሁ እዩ፤ የቀረ ነገር ካለ ቀጣዩ ጥይት ቱቦውን ይቀደዋል።

ከተኮሳችሁ በኋላ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ፤ ፊታችሁንም አትንኩ። የእርሳስ ብናኝ መርዝ ነው፤ በሰውነት ውስጥም ይጠራቀማል።

ደረጃዎች

1. አንድ ዘርፍ ምረጡ

አሠልጣኝ ከመፈለጋችሁ በፊት በምን እንደምትወዳደሩ ወስኑ፤ እያንዳንዱ ዘርፍ የተለየ አቋም፣ የተለየ ጠመንጃና የተለየ ባለሙያ ይጠይቃል።

በኦሊምፒክ ትራፕ ከተኳሹ 15 ሜትር ፊት ለፊት፣ በጉድጓድ ውስጥ 15 ወርዋሪ ማሽኖች አሉ። ሸክላው ከተኳሹ እየራቀ ይሄዳል፤ ከየትኛው ማሽን፣ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደሚወጣ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ሸክላ ሁለት ጥይት ይፈቀዳል፤ ጠመንጃውንም አስቀድሞ ትከሻ ላይ ማድረግ ይቻላል። በኦሊምፒክ ስኪት ግን ሸክላዎቹ ከአንድ ከፍ ካለና ከአንድ ዝቅ ካለ ቤት በታወቀ መንገድ ይሻገራሉ፤ ተኳሹ በ8 መቆሚያዎች እየተዘዋወረ ለእያንዳንዱ ሸክላ አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል። ሸክላው እንዲለቀቅለት ድምፅ አሰምቶ ከጠራ በኋላ ሸክላው ወዲያው ወይም እስከ 3 ሰከንድ ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል፤ እስኪወጣም ድረስ ሰደፉ ከወገቡ አካባቢ መነሳት የለበትም። ስፖርቲንግ በሚባለው ዘርፍ ደግሞ መንገዱ በየሜዳው ይለያያል። መሬት ለመሬት የሚንከባለል፣ ወደ ላይ የሚወነጨፍ፣ ወደ ተኳሹ የሚመጣ ዒላማ አለ። መደበኛው ሸክላ 110 ሚሊሜትር ስፋት ሲኖረው በስፖርቲንግ 90 እና 60 ሚሊሜትር የሆኑ ትናንሾችም ይወረወራሉ።

የቅርባችሁ ሜዳ ያለውን ዘርፍ ምረጡ። በሳምንት አንድ ጊዜ የምትደርሱበት ሜዳ፣ በወር አንድ ጊዜ ከምትደርሱበት የተሻለ ሜዳ ይልቅ ያሳድጋችኋል።

2. የሚመራው ዓይናችሁ የትኛው እንደሆነ እወቁ

ሁለት ዓይን ሲከፈት አእምሮ የአንዱን መስመር ይመርጣል። የሚመራው ዓይን ጠመንጃው ባረፈበት ትከሻ በኩል ካልሆነ፣ ያያችሁትና የጠመንጃው መስመር አይገጥሙም።

ጠመንጃ ሳትይዙ፣ ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ የቆመውን ሰው አፍንጫ በፍጥነት በጣታችሁ ጠቁሙ። ሰውየው ጣታችሁን ከየትኛው ዓይናችሁ ፊት እንዳየው ይንገራችሁ፤ ያ ዓይን የሚመራው ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙት፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ሲደክም ይቀያየራል።

ይህን ያለ ምክንያት ከሌሎቹ አላስቀደምኩትም። እኔ በቀኝ ትከሻዬ እየተኮስኩ የግራ ዓይኔ እንደሚመራ ሳላውቅ አንድ ሙሉ የውድድር ወቅት አሳልፌአለሁ። ወደ ግራ የሚሄዱትን ሸክላዎች እሰብራለሁ፤ ወደ ቀኝ የሚሄዱትን ግን በተከታታይ እስታለሁ። ጥይቴ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያጋድል ነበር፤ ወደ ግራ የሚበር ሸክላ ላይ ስህተቱ ረዳኝ፣ ወደ ቀኝ በሚበረው ላይ ከኋላው አስቀረኝ። አሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን በአምስት ደቂቃ ውስጥ በዚሁ በጣት ጥቆማ ለየው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ በሚመራው ዓይን በኩል ወዳለው ትከሻ ጠመንጃውን ማዞር ነው፤ ለጀማሪ ይህ ይሻላል፤ ገና የተለማመደው ነገር ብዙ አይደለምና። ሌላው በመነጽሩ ላይ፣ የሚመራው ዓይን የአፈሙዙን ጫፍ በሚያይበት ቦታ ብቻ ትንሽ ብርሃን አስተላላፊ ማጣበቂያ መለጠፍ ነው። ቦታውን ከአሠልጣኙ ጋር ለዩት።

3. አሠልጣኝ ፈልጉ፤ ከመያዛችሁ በፊትም ሲያስተምር እዩት

የሜዳችሁን ኃላፊ ወይም የአገራችሁን የተኩስ ፌዴሬሽን ፈቃድ ያላቸው አሠልጣኞችን ዝርዝር ጠይቁ። ዝርዝሩን ይዛችሁ ወዲያው አትወስኑ። ሂዱና ከጀርባ ቆማችሁ ሌላ ሰው ሲያሠለጥን አንድ ሰዓት ተመልከቱ። የምትፈልጓቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

ሀ) ከተኳሹ ትከሻ ኋላ ይቆማል። የእርሳስ ፍሬዎቹ የት እንዳለፉ የሚታየው ከአፈሙዙ መስመር ኋላ ሲቆሙ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ከጎን «ከኋላው ነው፣ ከኋላው ነው» የሚል ሰው እየገመተ ነው።

ለ) በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ያስተካክላል። በአንድ ተኩስ ውስጥ እግርን፣ ጉንጭን፣ እጅንና ዓይንን እንዲያስብ የታዘዘ ተኳሽ አንዱንም አይሠራም።

ሐ) ምክንያቱን ይናገራል። «ትንሽ ቅደም» ብቻ ሳይሆን «እጅህ ስለቆመ ነው ከኋላው የቀረኸው» ይላል። የመጀመሪያው ለዚያች ሸክላ ብቻ ይረዳል፤ ሁለተኛውን ይዛችሁ ወደ ሌላ መቆሚያ ትሄዳላችሁ።

መ) ጠመንጃውን ከተማሪው እጅ ወስዶ ራሱ በመተኮስ ጊዜ አያባክንም። ጥሩ ተኳሽ ሁሉ ጥሩ አሠልጣኝ አይደለም፤ አንዳንዱ የሚሠራውን ሳያውቀው ስለሚሠራ ማስረዳት አይችልም።

ሠ) ደኅንነት ሲጣስ ወዲያው ያስቆማል፤ ተማሪው ትልቅ ሰው ቢሆንም።

ከዚያ በኋላ አነጋግሩት። በየትኛው ዘርፍ እንደሚያሠለጥን፣ የአሠልጣኝነት ፈቃዱ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ የአደጋ ዋስትና እንዳለው፣ ክፍያው ሸክላና ጥይትን እንደሚጨምር፣ በሁለት ትምህርቶች መካከል የቤት ሥራ እንደሚሰጥ ጠይቁ። የቤት ሥራ አልሰጥም ካለ ሌላ ፈልጉ። የሚማረው ልጅ ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ በየትምህርቱ ላይ ይገኝ፤ ይህን የማይወድ አሠልጣኝ አይያዝ።

መጀመሪያ አንድ የሙከራ ትምህርት ብቻ ተስማሙ። ለአሥር ትምህርት አስቀድሞ መክፈል፣ ባይስማማችሁ ለመውጣት ያሳፍራችኋል።

4. ለመጀመሪያው ትምህርት መረጃ ይዛችሁ ሂዱ

አሠልጣኙ ችግራችሁን ፍለጋ የመጀመሪያውን 30 ደቂቃ እንዳያባክን ያለፉትን አራት ወይም አምስት ዙሮች ውጤት ከእነመቆሚያው ጽፋችሁ አምጡ። «17 አገኘሁ» ምንም አይነግረውም። «17 አገኘሁ፤ ከሳትኳቸው 8 ሸክላዎች 6ቱ ወደ ቀኝ የሚሄዱ ናቸው» ካላችሁ ግን ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

በስልኩ ከኋላችሁና ከጎናችሁ ቪዲዮ አስቀርጹ። ከጎን የተቀረጸው ጭንቅላት ሲነሳ ያሳያል፤ ከኋላ የተቀረጸው አፈሙዙ የሚሄድበትን መንገድ።

በትምህርቱ መጨረሻ አሠልጣኙ ያላችሁን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት፤ ካረጋገጠላችሁ በኋላ ጻፉት። ሰው ከሰማው ይልቅ ሊሰማ የፈለገውን ይዞ ይሄዳልና ይህን አትዝለሉት።

5. ጠመንጃው ከሰውነታችሁ ጋር ይስማማ

በሾትጋን ላይ የኋላ ማነጣጠሪያ የለም። የኋላው ማነጣጠሪያ ዓይናችሁ ነው፤ የዓይናችሁን ቦታ የሚወስነው ደግሞ ሰደፉ ነው። ሰደፉ ቢረዝም፣ ቢያጥር፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ቢዘቅጥ ዓይናችሁ በየተኩሱ የተለያየ ቦታ ይሆናል።

ልኩን ለማየት በ15 ሜትር ገደማ ርቀት ትልቅ ወረቀት ስቀሉ፤ መሐሉ ላይ ምልክት አድርጉ። ለረጅም ጊዜ ሳታነጣጥሩ፣ ጠመንጃውን አንስታችሁ ጉንጭ ሲነካ ወዲያው ተኩሱ። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙና የፍሬዎቹን መሐል ከምልክቱ ጋር አስተያዩ። ወደ ታች ከወረደ ጉንጭ የሚያርፍበት ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ከምልክቱ በላይ በጣም ከወጣ ከፍ ብሏል። በዚህ ርቀት የ2.5 ሳንቲሜትር ስህተት በሰደፉ ላይ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ማስተካከያ ይጠይቃል። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ በግምት አትፋቁት፤ አሠልጣኙ ይመልከተው፤ ሥራውን የጠመንጃ ባለሙያ ይሥራው።

የትራፕ ተኳሾች ከምልክቱ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚመታ ጠመንጃ ይወዳሉ። ሸክላው ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ ሳይሸፍኑት ከሥሩ እያዩት መተኮስ ይችላሉ።

6. ጠመንጃ ማንሳትን በቤት ውስጥ ተለማመዱ

በዚህ ደረጃ ጥይት አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ጥይት በሌለበት ክፍል ውስጥ ተለማመዱ፤ ሰው ባለበት አቅጣጫ አታዙሩ።

ሁለቱ እጆች እኩል ይነሱ። የኋላው እጅ ብቻ ቢያነሳ አፈሙዙ ወደ ታች ይደፋል። ሰደፉ መጀመሪያ ጉንጭን ይንካ፤ ትከሻ ወደፊት መጥቶ ይቀበለው። ጭንቅላታችሁን ወደ ሰደፉ ዝቅ አታድርጉ፤ ሰደፉ ወደ እናንተ ይምጣ። ምክንያቱም ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ዓይን ሸክላውን ለቅጽበት ይለቀዋል፤ መልሶ እስኪያገኘው ሸክላው ሜትሮች ርቋል።

በአፈሙዙ ጫፍ ትንሽ የእጅ ባትሪ ሰክታችሁ ብርሃኑ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን መስመር ከጥግ እስከ ጥግ እንዲከተል አድርጉ። ስታነሱ ብርሃኑ ከመስመሩ ከዘለለ የእጆቻችሁ ኃይል አልተመጣጠነም። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ሲደክማችሁ አቁሙ፤ የደከመ ክንድ የተበላሸ እንቅስቃሴ ይማራል።

7. ሦስቱን ነጥቦችና የፊት ርቀትን ተማሩ

ከአሠልጣኙ ጋር ሜዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምታሳልፉት እዚህ ላይ ነው።

ሦስቱ ነጥቦች፦ ሸክላውን ከመጥራታችሁ በፊት አፈሙዙ የሚጠብቅበት፣ ዓይናችሁ ሸክላውን መጀመሪያ የሚይዝበት፣ የምትሰብሩበት። በመጨረሻው ጀምሩ። የት እንደምትሰብሩ ወስኑና የፊት እግራችሁን ወደዚያ አዙሩ፤ ክብደታችሁ ትንሽ ወደፊት ይሁን። ከዚያ ወገባችሁን ወደ ኋላ ጠምዝዛችሁ ወደ መጠበቂያው ነጥብ ተመለሱ። በዚህ ቅደም ተከተል ስትቆሙ ሰውነታችሁ ምላጩ በሚሳብበት ጊዜ እየተፈታ ይመጣል። እግራችሁን ሸክላው ወደሚወጣበት ካዞራችሁ ግን መስበሪያው ላይ ስትደርሱ ወገባችሁ ከዚያ በላይ አልዞር ይላል፤ ጠመንጃውም ይቆማል።

አፈሙዙን ሸክላው በሚወጣበት አፍ ላይ አትጠብቁበት፤ ወደ መስበሪያው ጠጋ ይበል። ሸክላው ገና ሲወጣ በጣም ፈጣን ስለሆነ ከኋላው እየሮጣችሁ ታሳድዱታላችሁ። ዓይናችሁ ግን ከአፈሙዙ ኋላ፣ ወደ መውጫው ይመልከት።

የፊት ርቀት፣ ማለትም ከሸክላው ፊት ቀድሞ የሚተኮስበት ርቀት፣ የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀላል ስሌት ነው። ፍሬዎቹ ከአፈሙዝ በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ ይወጣሉ፤ በመንገድ ላይም ይቀንሳሉ። 30 ሜትር ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባቸዋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በጎን የሚሻገር ሸክላ በዚያ ጊዜ ውስጥ 2 ሜትር ያህል ይጓዛል። እሱን ካነጣጠራችሁ 2 ሜትር ከኋላው ትመታላችሁ።

ይህን ርቀት ለማግኘት ሦስት መንገዶች አሉ። ከኋላ ተነስቶ በሸክላው መንገድ አልፎ መተኮስ፤ ሸክላውን ነክቶ ከዚያ ወደፊት መራቅ፤ ከመጀመሪያው ፊቱን ይዞ እኩል መጓዝ። በስኪት ሦስተኛው ብዙ ተኳሽ አለው፤ በትራፕ የመጀመሪያው። አሠልጣኙ ለአካላችሁ ፍጥነት የሚስማማውን እስኪመርጥላችሁ አንዱን ይዛችሁ ቆዩ። በአንድ ዙር ውስጥ ሦስቱን መቀላቀል ስህተታችሁ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

የትኛውንም ብትመርጡ ዓይናችሁ ሸክላው ላይ፣ በተለይ በፊት ጠርዙ ላይ ይቆይ። በአፈሙዙ ጫፍ ያለችውን ዶቃ ማየት የጀመረ ተኳሽ እጁ ይቆማል፤ እጅ ዓይን ያየውን ይከተላልና። ዶቃዋ በዓይናችሁ ዳርቻ ደብዝዛ ትታይ።

ምላጩን ከሳባችሁ በኋላም ጠመንጃውን በመንገዱ ላይ ማስኬዱን አታቋርጡ።

የተሰበረውን ሸክላም አንብቡት። ሙሉ በሙሉ አቧራ ከሆነ መሐሉን አግኝታችኋል። ከፊቱ ብቻ ስንጥር ከወጣ ቀድማችሁታል፤ ከኋላው ከሆነ ዘግይታችኋል። ነጥቡ በሁለቱም አንድ ቢሆንም፣ በስንጥር የተሰበረው ነገ የሚሳተው ነው።

8. ልምምዱን በደብተር ምሩት

በሁለት ትምህርቶች መካከል አንድ የቤት ሥራ ብቻ ያዙ። በደብተሩ አራት መስመር ይኑር፦ መቆሚያው፣ የሸክላው ዓይነት፣ የሳታችሁበት ጎን፣ በዚያ ቅጽበት ያያችሁት። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። «ዶቃዋን አየሁ» ወይም «ሸክላው ደበዘዘብኝ» የሚል አንድ ቃል ለአሠልጣኙ ከነጥቡ የበለጠ ይነግረዋል።

የልምምዱን ቀን ለሁለት ክፈሉት። በመጀመሪያው ክፍል የሚያስቸግራችሁን አንዱን ሸክላ ከአንዱ መቆሚያ ደጋግማችሁ ተኩሱ፤ አዲስ እንቅስቃሴ ወደ ሰውነት የሚገባው በድግግሞሽ ነው። በሁለተኛው ክፍል ሙሉ ዙር እንደ ውድድር ተኩሱ፤ በውድድር ላይ ያንኑ ሸክላ በተከታታይ የሚሰጣችሁ የለም። የመጀመሪያውን ብቻ የሚሠራ ሰው በልምምድ ያበራል፤ ተራ ሲቀያየር ይጠፋል።

በአንድ ቀን ከ100 ጥይት አትለፉ፤ ለጀማሪ 50ም ይበቃል። የጠመንጃው ርግጫ ሲደጋገም ሰውነት ሳይታወቀው ከድምፁ በፊት መሸማቀቅ ይጀምራል፤ ይህ ልማድ ከገባ ለማውጣት ወራት ይፈጃል። አሠልጣኙ አልፎ አልፎ ሳታውቁ ሐሰተኛ ጥይት ያጉርስላችሁ፤ ጠመንጃው ሳይጮህ አፈሙዙ ከወረደ መሸማቀቁ ጀምሯል።

ነጥባችሁንም በአንድ ዙር አትለኩ። በአማካይ ከ25 ሸክላ 20 የሚሰብር ተኳሽ፣ ምንም ሳይለወጥ፣ አንድ ቀን 18 ሌላ ቀን 22 ቢያገኝ በስሌት የሚጠበቅ መዋዠቅ ነው። 22 ባገኘበት ቀን ተሻሻልኩ፣ 18 ባገኘበት ቀን ተበላሸሁ ብሎ አቋሙን የሚቀይር ሰው የማይሰማ ነገር እያዳመጠ ነው። ቢያንስ የ100 ሸክላ ድምር ከ100 ሸክላ ድምር ጋር አስተያዩ።

9. ከጥሪ በፊት የማይለወጥ ሥርዓት ይኑራችሁ

እግር፣ መስበሪያውን ማየት፣ ወደ መጠበቂያው መመለስ፣ አንድ ትንፋሽ፣ ጥሪ። ቅደም ተከተሉን ከአሠልጣኙ ጋር ወስኑና በልምምድም ሳትቀይሩ ሥሩት። በውድድር ላይ ልብ ሲመታ ሐሳብ ወደ ነጥብ ይሸሻል፤ ሥርዓቱ ሐሳብ የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል። የውድድር ሕግ ለዝግጅት የሚፈቅደው ሰከንዶችን ብቻ ስለሆነ አይርዘም።

ከሳታችሁ በኋላም ሥርዓት ያስፈልጋል። ጠመንጃውን ክፈቱ፣ ቀለሁን አውጡ፣ የሳታችሁበትን ምክንያት በአንድ ቃል ለራሳችሁ ንገሩና ለሚቀጥለው ተዘጋጁ።

10. ትንሽ ውድድር ግቡ

ፍጹም እስክትሆኑ አትጠብቁ። መጀመሪያ ሳትተኩሱ ሄዳችሁ እዩ፤ ተራው እንዴት እንደሚዞር፣ ዳኛው እንዴት እንደሚጠራ፣ በውጤት ላይ አለመስማማት እንዴት እንደሚቀርብ ተማሩ። ከዚያ በሜዳችሁ በሚደረገው ትንሹ ውድድር ተመዝገቡ። በብዙ ቦታ ተኳሾች በአማካይ ውጤታቸው በደረጃ ስለሚከፈሉ ከአቻዎቻችሁ ጋር ትወዳደራላችሁ።

የዘርፉን ደንብ አንብባችሁ ግቡ። ሰደፉን ከጊዜው በፊት በማንሳት ወይም በተከለከለ ጥይት የሚጠፋ ነጥብ ከሁሉም ያናድዳል።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ውድድሮች ግባችሁ ነጥብ አይሁን፤ «በሁሉም ሸክላ ላይ ሥርዓቴን እሠራለሁ» ይሁን። በዓለም አቀፍ ውድድር ማጣሪያው 125 ሸክላ፣ ማለትም አምስት ዙር ነው፤ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። ወደዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው ትኩረትን 125 ጊዜ መክፈትና መዝጋት ነው። በሸክላዎች መካከል ዓይናችሁን ወደ ሣር ወይም ወደ መሬት አሳርፉት፤ የሌሎችን ተኩስ ሁሉ የሚከታተል ዓይን በአራተኛው ዙር ይደክማል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ጭንቅላትን ማንሳት። ሸክላው ሲሰበር ለማየት ከመጓጓት ይመጣል። ያን ጊዜ ጥይቱ ከሸክላው በላይ ያልፋል። ሸክላው ከተሰበረ በኋላ እስከ አንድ ሰከንድ ጉንጭ ሰደፉ ላይ ይቆይ።
- ከነጥብ ማነስ በኋላ የአፈሙዙን መጥበቢያ ቾክ መቀየር። በ24 ግራም ጥይት ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ ፍሬዎች አሉ፤ 2 ሜትር ከኋላ የቀረን ተኩስ የትኛውም ቾክ አያድነውም።
- በሜዳው ካለው ሰው ሁሉ ምክር መቀበል። ሰዎቹ በቅንነት ነው የሚናገሩት፤ ግን እያንዳንዱ ለራሱ የሠራውን ነው የሚነግራችሁ። አመስግኑ፣ ጻፉት፣ ለአሠልጣኙ አሳዩት፤ እስከዚያ አትሞክሩት።
- በጥንቃቄ ብዛት ዘግይቶ መተኮስ። ሸክላው በራቀ ቁጥር ፍሬዎቹ ይበታተናሉ፤ እጅም ይቆማል። የፊት ርቀቱ ልክ ሲመስላችሁ ሳትመረምሩት ሳቡ።
- በሚቀናችሁ መቆሚያ ላይ መለማመድ። ደስ ይላል፤ ነጥብ ግን አይጨምርም።
- ከውድድር በፊት ባለው ሳምንት አዲስ ነገር መጀመር። በዚያ ሳምንት ያላችሁን ብቻ ይዛችሁ ግቡ።

ነጥብ ሲወርድና አሠልጣኝ መቀየር ሲያስፈልግ

አሠልጣኝ አቋማችሁን ሲቀይር ነጥባችሁ መጀመሪያ ይወርዳል። የድሮው ልማድ ተሰብሯል፤ አዲሱ ገና አልጸናም። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ድሮው የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው፤ ከተመለሱ በኋላም በዚያው 17 ላይ ይቀራሉ። ለውጡን ከመጀመራችሁ በፊት አሠልጣኙን «ይህ እስኪገባኝ ስንት ሳምንት ልስጠው? ምን ምልክት ስናይ ነው የሠራ የምንለው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከቀኑ ጋር ጻፉ። እስከዚያ ቀን ነጥቡን ሳይሆን ምልክቱን ተከታተሉ፤ ለምሳሌ ከመቶው ስንቱ ሸክላ አቧራ ሆኖ እንደተሰበረ።

ቀኑ ደርሶ ምልክቱ ካልታየ ደብተሩን ይዛችሁ ከእሱ ጋር ቁጭ በሉ። ጥሩ አሠልጣኝ መንገዱን ይቀይራል ወይም ወደሚችል ሰው ይልካችኋል። ደብተሩን ሳያይ «ብዙ ተኩሱ» ብቻ ካላችሁ አመስግናችሁ ተለዩና ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፤ ደብተሩ ለአዲሱ አሠልጣኝ የመጀመሪያው ቀን መረጃ ይሆነዋል።